ኩፍ ያለው ብርሃን

ማርያማዊት የቤተ ሙከራውን መጋረጃ ዘግታ ሐምራዊውን መብራት ስታበራ፣ በሁለቱ ብርጭቆዎች ውስጥ ያለው ሊጥ ቦግ አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። እርሾውን ከሞጣ ድረስ ያመጡላት እናቷ "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ።

"ሊጡ ውስጥ የጨመርኩት ኳንተም ዶት ይባላል፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው። ካንሰር ያለበት ሕዋስ ላይ ሲለጠፍ ሐኪሙ በብርሃኑ ያገኘዋል። ቀዩ ከውጭ የመጣ ነው፤ መርዛም ብረት አለበት። አረንጓዴውን ከጤፍ ጭድ እኔ ሠራሁት።"

"ያንቺስ አይገድልም?"

የፈራችው ይህንኑ ነበር። እርሾም ሕዋስ ነው፤ እሱን ከገደለ ለሰው አይሆንም። ጎንበስ ብላ አየች። ቀዩ ሊጥ ማታ እንደተወችው ንቅንቅ ሳይል ቀርቷል። አረንጓዴው ግን ኩፍ ብሎ፣ ክዳኑን ገፍቶ፣ በብርጭቆው አፍ እየፈሰሰ ነበር።

"እማዬ፣ አልሞተም! በሕይወት አለ!"

እናቷ እልል አሉና ሊጡን ሊቆነጥሩ እጃቸውን ሰደዱ።

"እንዳይነኩት! ገና ሰው ላይ አልተሞከረም።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ሸፈኑት።

"እንግዲያው ብርድ እንዳይመታው" አሉ፤ አረንጓዴው ብርሃን በነጠላው አልፎ ፊታቸው ላይ አረፈ።