በልብስ ሰፊው ዓይን ውስጥ

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከሽማግሌው ልብስ ሰፊ ዓይን ላይ የተፋቀችውን ቅንጣት መስታወት ላይ አድርጋ ማቅለሚያ ጠብ አደረገችባት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የባክቴሪያ መድኃኒት ቢጨመርበትም ዓይናቸው ጭራሽ እየነጣ ሄዶ ነበር። ሐኪሙም የሕመሙ ምክንያት ዛሬ ካልተገኘ ዓይኑ ነገ እንደሚወጣ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ማቅለሚያው ካይቲን ካገኘ ተጣብቆ ያበራል፤ ካይቲን ደግሞ ፈንገስ የሕዋሱን ግድግዳ የሚያጠነክርበት፣ የሰው ገላ ግን ከቶ የማይሠራው ነገር ነው።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ አየች። ጨለማ ነው። መስታወቱን ቀስ ብላ ወደ ግራ ገፋችው፤ አሁንም ጨለማ። ተስፋ ቆርጣ ቀና ልትል ስትል ከጥግ በኩል አንዲት ሰማያዊ መስመር ብልጭ አለች። ሌላ ተከተላት፤ ወዲያው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሆነ የሚያበራ ድር ጥጉን ሞላው። ለሐኪሙ ደውላ ከነገረችው በኋላ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች።

"አባባ፣ ፈንገስ ነው! ሐኪሙ መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንጀምራለን፣ የነገው ቀዶ ሕክምና ቀርቷል ብሏል!"

"ፈንገስ ማለት ሻጋታ አይደል እንዴ?" አሉ ልብስ ሰፊው፣ በደህናው ዓይናቸው እያዩዋት። "ምነው ልጄ፣ ዳቦ መሰልኩት?"

ከጠዋት ጀምሮ አልቀመጥም ብለው የቆሙት ባለቤታቸው፣ "እሰይ! እሰይ!" እያሉ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘጭ አሉና እንባቸውን ሳይጠርጉ ከት ብለው ሳቁ።