ከሻይ ብርጭቆው በታች

ላስትሪ ዓይኗን ከባሕሩ አልነቀለችም። ጠዋት ሳተላይቱ ባነሣው ፎቶ ላይ የታየው ቀስት መሰል የማዕበል መስመር ከሎምቦክ የባሕር ሰርጥ ተነሥቶ እስካሁን መርከባቸው ጋ መድረስ ነበረበት፤ ባሕሩ ግን እንደ ዘይት ረግቷል። ሲመሽ መርከቧ ወደ ወደብ ትመለሳለች፤ ዓመታት የደከመችበት ጥናትም ያለ ማስረጃ ይቀራል።

«እንግዳሽ መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» አለ ካፒቴኑ ዳኤንግ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ የሻይ ብርጭቆ አጠገቧ እያስቀመጠ። «ጠጪ፣ ያ ተራራ የሚያህል ማዕበልሽ መጥቶ ሳይደፋብሽ።»

«ማዕበሉ ራሱ ከላይ አይታይም አልኩዎት እኮ፣ ዳኤንግ። የሚሄደው ከታች ነው።»

«ሚስቴ እንኳ የማይታይ ነገር አስጠብቃኝ አታውቅም!»

ወዲያው ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ጠባብ የአረፋ መስመር እንደሚፈላ ውሃ እየተንሾካሾከ ቀረበና በሥራቸው አለፈ። ከብርጭቆው ጠብታ አልፈሰሰም። ካፒቴኑ ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ የሙቀት መለኪያዎች ታስረውበት ከመርከቧ ወደ ጥልቁ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለው ገመድ ቀስ እያለ መዝመም ጀመረ። መለኪያዎቹ በሚነበቡበት ስክሪን ላይ የባሕሩ የላይኛው ሞቃት ውሃ ወደ ታች ሰመጠ፤ መቶ ሜትር ወርዶም ቀዝቃዛውን ጥልቅ ገፋው። ከዚያ ሁሉም እንደገና ቀስ ብሎ ተነሣ።

ካፒቴኑ መዳፉን ገመዱ ላይ አሳረፈ። ገመዱ ይርገበገባል።

«ዕድሜዬን ሙሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚህ ላይ ነው ስተኛ የኖርኩት?»

ላስትሪ ስክሪኑን ልታሳየው ዞረች። ክርኗ ብርጭቆውን ገጨው፤ ሻዩ የፈሰሰው ያን ጊዜ ነው።