የምስማር መቀርቀሪያ

በበሩ ስንጥቅ የገባው ቀጭን ቢላዋ ምስማሩን ወደ ላይ ሲገፋው ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ዋጠች። ደህና ቁልፍ መግዣ ስላልነበራት በሩን የምትዘጋው ራሷ መትታ ባጠፈችው በዚያ አንድ ምስማር ነበር። ቀትር ነው፤ ለሥራ የሚወጣው ጎረቤት ሁሉ ሄዷል። ምስማሩን በሁለት እጇ ቁልቁል ተጫነችው። ቢላዋው ግን አልተመለሰም።

ባል አልነበራትም። ቢሆንም ወደ ባዶው ክፍል ዞር ብላ፣ "አንተ፣ ተነሳ እንጂ፤ በሩን የሚነካካ ሰው አለ" አለች። ድምጿ ተቆራረጠ።

"መጣሁ። መጥረቢያዬን የት አደረግሽው?" አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ ከጀርባዋ።

ቢላዋው ተስቦ ወጣ፤ የሩጫ ኮቴ ግቢውን አቋርጦ ራቀ። እሷ ግን ማን እንደመለሰላት ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

"ሄደ እንዴ፣ ልጄ?" አለ ያው ድምፅ፣ አሁን ሰለል ብሎ። ያኔ ለየችው። ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ፤ አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸዋል።

"ሄዷል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ነይና አጠገቤ ቁጭ በይ" አሏት። "እኔም ነፍሴ ገና አልተመለሰችም።"