ውዱ ያሻገረው ፈረንጅ

በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. ወለላ ውዱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ አክስቷ ለተ ማርያም ቤት ተቀምጣ ትማራለች። አባቷ ጎርጎራ ጣና ዳር በታንኳ ሰው የሚያሻግር ሰው ነው። በበዓል ቀን ካህናቱን ወደ ደሴቶቹ የሚያደርሰው እሱ ስለ ነበር በአገሩ ተከብሮ ይኖር ነበር።

ልጅቱ ወፍ ትወዳለች። ሌሎቹ በወንጭፍ ሲያባርሩ እሷ ቁጭ ብላ ታያለች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን አናቱ ጥቁር፣ ጉሮሮው ቀይ የሆነውን ወፍ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መነኩሴ ይሉታል፤ መግደሉም በአገሩ ነውር ነው። ከአንዲት ሰው አልባ ደሴት በቀር የትም አይታይም። ደሴቲቱ ከጎርጎራ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ናት፤ ሩቅም አይደለች። በየክረምቱ አባቷ ወስዶ ያሳያታል።

ባለፈው ክረምት አብረው ቆጠሩ። አራት ነበሩ።

"ይህን ለማንም እንዳታወሪ" አላት ውዱ።

"እሺ አባዬ" አለች።

በጥር መጀመሪያ አንድ ፈረንጅ ወደ ትምህርት ቤቷ መጣ። ወፍ እየገደለ፣ ቆዳውን በጭድ እየሞላ ወደ አገሩ የሚልክ ሰው ነው። ያረፈው ፒያሳ ነበር። የወፍ ሥዕል የሞላበት ትልቅ መጽሐፍ ገለጠ። መምህሩ ወለላን ወደፊት አወጣት። ልጅቱ የእያንዳንዱን ስም እየጠራች እስከ መጨረሻው ገጽ ደረሰች። ክፍሉ አጨበጨበላት።

"እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ታውቂያለሽ?" አላት ፈረንጁ በአስተርጓሚው በኩል።

"አንድ አውቃለሁ" አለች።

ፈረንጁ ሳቀላት፣ ራሷንም ዳበሳት። የት እንደሚገኝም ነገረችው።

ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ጎርጎራ ስትወርድ የፈረንጁን ማኪና ሐይቁ ዳር ቆሞ አገኘችው። ጭቃ ሹሙ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ባለታንኳዎቹን ሰብስቧል። እንግዳውን የሚያሻግር ሰው ይፈለጋል። ሁሉም አቀረቀሩ።

"እኔ እወስደዋለሁ" አለ ውዱ።

ወለላ ነጠላውን ያዘችው። "ምነው አባዬ? አንተ አትውሰደው።"

"እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል። ለመሆኑ ማን ነገረው?"

"እኔ አላውቅም" አለች መሬት መሬት እያየች።

ውዱ ጥቂት አያትና መቅዘፊያውን አነሣ።

አስተርጓሚው ውኃ ይፈራ ነበርና ዳር ቀረ። ሁለቱ በማለዳው ጉም ውስጥ ገቡ። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትሩም አለፈ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ተኩስ ተሰማ። ዳር የቆሙት ሰዎች የምትጠልቀውን ፀሐይ በእጃቸው ከልለው ተኩሱ ወደ ተሰማበት አዩ። ወለላ ጆሮዋን ደፍና ተቀመጠች።

ሲመሽ ተመለሱ። ፈረንጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወረደ፤ ማንንም ሳያናግር ማኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

"ወፎቹስ፣ አያ ውዱ?" አለ ክንዱ የሚባለው ባለታንኳ።

"ከእንግዲህ ወደዚያ መሄድ ለማንም አይጠቅምም" አለ ውዱ። ታንኳውንም ወደ ዳር ሳበ።

በማግስቱ በዓል ነው። ውዱ ታንኳውን አጥቦ፣ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ዳር ቆመ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ካህናቱን አስከትለው መጡና አጠገቡ አልፈው የክንዱ ታንኳ ላይ ወጡ። ሕዝቡ ሁሉ ያያል። ወለላ ከሴቶቹ ኋላ ተደበቀች። በአባቷ አፈረች። ከዚያ ሥር ግን ሌላ እፍረት ነበረባት፤ እሱን ለማንም አልተናገረችም።

ጎንደር ከተመለሰች በኋላ የማን ልጅ ነሽ ሲሏት የአጎቷን ስም ትጠራ ጀመር። ክረምቱ ሲመጣም ወደ ጎርጎራ አልወረደችም።

አንድ ቀን ውዱ ደረቅ ዓሣ ይዞ በእግሩ ቁስቋም ድረስ መጣ። ወለላ ጓዳ ገብታ፣ የለችም በይልኝ አለቻት አክስቷን። ለተ ማርያምም እንደ ተባለችው አለች። በዚህ መሐል ልጅቱን ሳል ያዛት። ውዱ ሳሉን ሰማ። ጓዳውን የጋረደውን መጋረጃ አየና ዓሣውን መደቡ ላይ አኖረ።

"ሸጋ ልጅ ሆናለች አሉኝ" አለ። "በርትታ ትማር።"

ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት ወባ ገደለው። ወለላ የደረሰችው ከተቀበረ በኋላ ነው። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ እንደ ነበረ ነገሯት። ሲነግሯት ዓይኗን ማንሣት አልቻለችም። ማነው የነገረው ብሎ የጠየቃት ዕለት እውነቱን ብትነግረው ኖሮ ስትል ብዙ ሌሊት አነባች።

አርባው በወጣ ማግስት ክንዱ ዘንድ ሄዳ ታንኳ እንዲያውሳት ለመነችው።

"ወዴት ልትሄጂበት?"

"ወደ መነኩሴዎቹ ደሴት።"

"ምን ልታዪ? አባትሽ ካስጨረሳቸው በኋላ እኮ ማንም ወደዚያ ሄዶ አያውቅም።"

"ባዶውን ቦታ ልይ" አለች። "እነሱን ያስፈጀሁ እኔ ነኝ፣ አያ ክንዱ። ለፈረንጁ የነገርኩት እኔ ነኝ። አባቴን ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ፤ እዚያ ሄጄ ልጠይቀው።"

ክንዱ መቅዘፊያውን ሰጣት።

ብቻዋን ቀዘፈች። ዳር ስትደርስ ታንኳዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጨና ጮኸ።

ከሾላው ዛፍ ላይ አሥራ አንድ መነኩሴ ብድግ አሉ።