ተረከዟ ሲወጋ

ሸሚዜን አውልቄ ወንበሩን ተደግፌያለሁ፤ ልጄ ደረቴ ላይ ናት። ጎማ ከምጠግንበት ቤት ካለው የብረት መፍቻዬ እሷ ትቀልላለች። ቸኩላ ስለተወለደች ቆዳዋ ስስ ነው፤ የደም ሥሯ ከላይ ይታያል።

ሲስተር አንድ እግሯን በሞቀ ጨርቅ እያሟሟቀች ነው። ከተረከዟ ደም ልትወስድ ነው።

ትናንት አልጋዋ ላይ ሲወጓት መተንፈስ አቆመች። መስታወቱ ማዶ ቆሜ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ጠቆረች። ዛሬም ካቆመች ወደ መተንፈሻ ቱቦው ትመለሳለች፤ ከሱ የወጣችው በስንት ልመና ነው። «የወላጅ ገላ ሕመሙን ያቀልላታል» ብላለች ሲስተር። እናቷ ከወለደችበት ኦፕራሲዮን ገና ቀና አላለችም። ስለዚህ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። እኔ! ሰፈርተኛው በውሸት ወሬዬ «ቀደዳው» የሚለኝ ጎሚስታ!

የበረዳት መሰለኝና ጀርባዋን መታ መታ ማድረግ እጀምራለሁ። የጎረቤቱን ሕፃን ሁሉ በዚህ ነው የማባብለው።

«ተው! ተው እንጂ!» ሲስተር እጄን ትይዘዋለች። «ይሄ ለሷ ዱላ ነው። አትምታት፣ አታሻሻት። አንዱን እጅህን ጭንቅላቷ ላይ፣ አንዱን መቀመጫዋ ሥር፤ ሰብሰብ አድርገህ ዝም። እንደ ክዳን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክልህ።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ቁጭ በል ሲሉኝ የሚበላኝ ሰው ነኝ።»

«ዛሬ አይብላህ። ይልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ አውራት።»

ወሬማ ለኔ! «ስሚኝ የኔ እመቤት» እላታለሁ። «አንድ ቀን የከባድ መኪና ጎማ ልነፋ ስል መንፊያው ተበላሸ። በአፌ ነፋሁት። መኪናው ከነሾፌሩ ከመሬት ተነሳ! ሾፌሩ ደመናው ላይ ሆኖ ‹ኧረ የሰው ያለህ!› ሲል...»

ሲስተር ከጭምብሏ ሥር ትስቃለች። ከዚያ ተረከዟን በመርፌ ጠቅ ታደርጋታለች።

የልጄ ፊት ይጨማደዳል። አፏ ይከፈታል፤ ድምፅ የለም። ደረቴ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል የነበረው ደረቷ ጸጥ ይላል። ትንፋሿን የሚከታተለው ማሽን ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ማሽኑ ይጮሃል።

«ሲስተር!»

«እንዳትነቃነቅ። ያዛት። አውራት።» ሳቋ የለም። አንድ እጇ ወደ ኦክስጅኑ ሄዷል።

ምኑን ላውራ? ሾፌሩ እዚያው ሰማይ ላይ ቀርቷል። ዕድሜ ልኬን አልቆብኝ የማያውቅ ቅጥፈት አፌ ውስጥ ደርቋል። እጄ «ነቅንቃት! ቀስቅሳት!» ይለኛል፤ ጥርሴን ነክሼ እንደ ክዳን አደርገዋለሁ።

«አለሁ» እላታለሁ። ሌላ ቃል አልመጣልህ ይለኛል። «አለሁ፣ እናቴ። አለሁ። አለሁ።»

አንዲት ቅንጣት ነገር ደረቴን ትገፋኛለች። ትቆማለች። ደግሞ ትገፋኛለች። የልጄ አፍ እንደ ድመት ግልገል ሲር ይላል፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ማሽኑ ጩኸቱን ይተዋል።

«ጨርሻለሁ» ትላለች ሲስተር ተረከዟን በጥጥ እንደያዘች። «አይዞህ፣ ዘና በል።»

እኔ ግን ዘና ማለት ከየት ይምጣ! ላብ ይሁን እንባ እንጃ፣ አንዲት ጠብታ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯ የልጄ አናት ነው። እጄን ላነሳ አልደፍርም። ሲስተርን በዓይኔ እለምናታለሁ።

ጎንበስ ትልና፣ አፈር ላይ ሲጫወት የዋለ ሕፃን እንደሆንኩ ሁሉ፣ አፍንጫዬን ትጠርግልኛለች።