ማንም ያላየው ሞት

ተዋናይ አየነው ዘለቀን አገር ያወቀው በአንድ ፊልም ላይ አሟሟቱን አሳምሮ በመጫወቱ ነበር። ፊልሞች፣ አሮጌዎቹም ሳይቀሩ፣ ተመልካቹ ሲከፋው መጨረሻቸውን በራሳቸው መለወጥ ከጀመሩ ወዲህ ግን ያን ሞት ያየ የለም። ልጁ ትርሲትም ያደገችው አባቷ በፊልሙ ውስጥ ቆስሎ ሲነሳ እያየች ነው።

አየነው በጠና ታሞ ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡ ማግስት ሾርባ ይዛለት አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንተ እንደሆንክ ሁልጊዜ ትነሳለህ» አለችው።

አየነው ሾርባውን ገፋ አደረገ። «ነይ እስቲ፣ ፊልሙ የደበቀሽን ላሳይሽ።»

እጇን ይዞ የፊልሙን የጥንት ስንብት በለሆሳስ ተናገረ፤ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ያዘ። ትርሲት መጀመሪያ ሳቀች። ዝምታው ሲረዝምባት ግን ደረቱ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አየነው ዓይኑን ገልጦ ፀጉሯን ዳበሰ።

«አልቅሺ ልጄ» አላት። «እኔም ብቻዬን ስፈራ ነው የሰነበትኩት።»