ከግንዱ ወዲያ

ግንዱን አልፈውታል። ኤዶም ልብ የምትለው ካለፉት በኋላ ነው፤ ዞር ብላ ስታይ፣ ማዕበል የተፋው ያ ነጭ ግንድ ከኋላቸው ቀርቷል። ሁልጊዜ ቅዳሜ አባባ ክፍሌ እዚያ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቁና «በይ ልጄ፣ በቃ ተመለሺ» ይሏታል። ዛሬ ምንም አላሉም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጠጠሩን እየረገጡ፣ ወደሚኖሩበት ወደ ቡሪየን መንገዳቸውን ቀጥለዋል።

ሽማግሌ እየሸኙ «ተመለሺ» ሳይባሉ መመለስ ነውር ነው። ኤዶም አሜሪካ ከመጣች ብዙ ነገር ረስታለች፤ ይህን ግን አልረሳችም። ስለዚህ ትከተላቸዋለች።

አባባ ክፍሌ የባሏ አባት ናቸው፤ አሁንማ የቀድሞ ባሏ ነው የሚባለው። ከአቤል ጋር ከተፋቱ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ልጅም አልወለዱም። ሽማግሌው ግን ቅዳሜ ጠዋት ቡሪየን ካለው ከልጃቸው ቤት ይነሱና፣ ውሃው ከሸሸ በባሕሩ ዳር፣ ከሞላ በላይኛው አስፋልት፣ እሷ እስካለችበት እስከ ደሞይንስ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። ምሳ ይበላሉ፣ ሶፋው ላይ ትንሽ ያሸልባሉ፣ ከዚያ እስከ ግንዱ ትሸኛቸዋለች። ሰው «አሁን ምን ያመላልሳቸዋል?» ይላል። ሰው የማይለው ነገር የለም። አቤል አንድ ቀን በመኪና ላድርስህ ቢላቸው «ታዲያ እግሬ ምን ሊሠራልኝ ነው!» ብለው ተቆጡት።

ኤዶም ዛሬ ልትነግራቸው ነበር። በመስከረም ልታገባ ነው፤ ኡርጌሳ የሚባል፣ ሲታክ ኤርፖርት የሚሠራ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ምሳ ላይ አፏን ስትከፍት ወጡን አመሰገኑላት። ሰሃን እያጠበች ልትጀምር ስትል እንቅልፍ ወሰዳቸው። የምትፈራው ቁጣቸውን አይደለም፤ ተቆጥተዋት አያውቁም። የምትፈራው ጨዋነታቸውን ነው። መርቀዋት፣ እንግዲህ ሰው ቤት ምን አለኝ ብለው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፃቸውን አጥፍተው እንዳይቀሩ ትፈራለች። አባቷን ገና በልጅነቷ ቀብራለች። እኚህንም ማጣት አትችልም።

«አባባ፣ አልደከሙም?»

«እኔ? የምታለከልኪው አንቺ ነሽ።»

እውነታቸውን ነው። ባሕሩ ደግሞ ዝም ብሎ እየተመለሰ ነው። ቅድም ደረቅ የነበረው ጠጠር ረጥቧል፤ ውሃው እየመጣ የጫማዋን ጫፍ ይነካና ይሸሻል።

«እየሞላ ነው እኮ! ስልኬ ላይ ቼክ አድርጌ ነበር። ሶ፣ ቶሎ መውጣት አለብን።»

«ይሙላ። ቦታው የራሱ ነው።»

ከባሕሩ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ ጋ ሲደርሱ አባባ ክፍሌ አረፍ ይላሉ። ከኮታቸው ኪስ የወረቀት ኩባያ ያወጣሉ፤ ጥቁር እንጆሪ ነው። በነሐሴ ከመንገድ ዳር ቁጥቋጦ እየለቀሙ ያመጡላታል፤ የሚሰጧትም ገና በሩን ስትከፍት ነው።

«ጠዋት ለምን አልሰጡኝም?»

«ረሳሁት።»

አባባ ክፍሌ የሚረሱ ሰው አይደሉም። ኤዶም አጠገባቸው ትቀመጣለች። ከዚህ በላይ መሸከም ያቅታታል።

«አባባ… ላገባ ነው።»

ሽማግሌው የበሰለውን እየመረጡ መዳፏ ላይ ማኖራቸውን አያቆሙም።

«አውቃለሁ።»

«አቤል ነገረዎት?»

«አቤልማ መቼ ያወራል። ባለ ሱቁ ነው። በርበሬ ልገዛ ብገባ፣ ‹ልጅዎ ልታገባ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት!› ብሎ እጄን ጨበጠኝ።»

ኤዶም መዳፏ ላይ ያለውን እንጆሪ ታያለች። ቀና ማለት ፈርታለች።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩት።»

እንባዋ ይመጣል፤ አትከለክለውም። አባባ ክፍሌ መሐረባቸውን ይሰጧትና ወደ ባሕሩ ዞር ይሉላታል።

«ታዲያ ግንዱ ጋ ለምን ዝም አሉኝ?» ትላለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

ኩባያውን አጠገባቸው ያስቀምጣሉ።

«ቃሉ አልወጣልህ አለኝ። ዛሬ ተመለሺ ካልኩሽ፣ ለሁልጊዜው ያልኩሽ መሰለኝ።»

ኤዶም መሐረቡን አጣጥፋ ጉልበታቸው ላይ ታስቀምጣለች። ስትናገር ድምጿ የእናት ቁጣ አለበት።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃው ጠዋት ሙሉ ነው። በላይኛው መንገድ ነው የሚመጡት፣ ኦኬ? ኡርጌሳም ይኖራል። ምሳ ይቀዘቅዛል፣ እንዳይዘገዩ።»

«በእግሩ ይሄዳል እሱ?»

«ኧረ አባባ፣ ሱቅ ለመሄድም መኪና ነው የሚያስነሳው።»

«ግዴለም፣ እናስለምደዋለን» ይላሉ። ደረጃውን ተደግፈው ይነሱና ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። «በይ ልጄ፣ በቃ ተመለሺ።»

ኤዶም ትዞራለች። የመጡበት መንገድ የለም። ውሃው አስፋልቱን ከሚደግፈው ግንብ ጋር ገጥሟል፤ ግንዱም አይታይም።

«በየት በኩል ልመለስ?»

አባባ ክፍሌ ባሕሩን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

ደረጃውን ወጥተው አስፋልቱ ላይ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አውቶቡሱ ሲመጣ እሷ ትሳፈራለች፤ ዛሬ ሸኚው እሳቸው ናቸው። በመስኮቱ በኩል «በቃ፣ ይመለሱ አባባ!» ትላቸዋለች፣ በእጇም ጭምር። ያልሰሙ መስለው፣ ባርኔጣቸውን እንደያዙ፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆመዋል።